ሙጫና አልቅት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮሶዬ ይደርሳል። የወገራ ደጋ እዚያ ላይ ድንገት ይቆረጥና ቆላው ከእግር ስር ይዘረጋል። ጧት ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ አፋፉን ሲያለብሰው፣ ጭላዳዎች ወጥተው ሣር ሲነጩ፣ የገብሱ ማሳ በጤዛ ሲያብረቀርቅ ያየ ሰው ስለ ቦታው ሌላ ነገር ማውራት ይከብደዋል። እኔ ግን የማወራው ስለ ውሃው ነው። ከብት ስለሚጠጣው፣ ዳሩን ኮቴ ስላቦካው፣ ድንጋዩን አረንጓዴ ስላለበሰው የደጋ ውሃ። እንዲህ ያለ ውሃ አልቅት አያጣም።

ከብት ያገደ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል። ላሟ ሣሩን ትተዋለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ታስላለች፤ ካንዱ አፍንጫዋ ቀጭን ደም ይወርዳል። አፏን ፈልቅቀው ምላሷን ወደ ጎን ሲስቡት፣ ከምላሷ ስር ወይም ከላንቃዋ ጥግ ጠቆር ያለ ነገር እንደ እርጥብ ጠፍር ተለጥፎ ይታያል። በጣት ሲይዙት ያሟልጫል፤ አመድ ወይም ጨው ጣት ላይ የሚነሰነሰው ለዚህ ነው። አንዱን ጫፍ ሲያላቅቁት በሌላው ጫፍ ይይዛል፤ ከፊትም ከኋላም መምጠጫ አለውና። ትምባሆ ዘፍዝፎ ውሃውን በአፍንጫ ማንቆርቆር የቆየ መድኃኒት ነው። እንስሳውን ውሃ አስጠምቶ አውሎ ገንዳ ላይ ማቅረብም ሌላ ብልሃት ነው፤ ውሃው ሲቀርበው አልቅቱ ራሱ ከአፍንጫ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ፈጥኖ መያዝ ነው። ለልጅ የሚሰጡትን ውሃ በነጠላ ጫፍ የሚያጠልሉ እናቶችም የሚፈሩት ይህንኑ ነው።

የሙጥኝ ብሎ የማይላቀቀውን ሰው «እንደ አልቅት ተጣበቀ» እንላለን። የሚገርመኝ የሚከተለው ነው። በአንጎላችንና በሕብለ ሰረሰራችን ውስጥ ከነርቭ ሕዋሶች ጎን የሚኖሩት ሌሎቹ ሕዋሶች በሳይንሱ ዓለም ስማቸው «ግሊያ» ነው። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ ሙጫ ነው። ሙጫ ብቻ እንዳልሆኑ የታወቀበት መንገድ ደግሞ በብዙ ቦታ ያለፈው በአልቅት ገላ ውስጥ ነው። የእረኛው ጠላትና የአንጎል ሙጫ የተገናኙበትን ታሪክ ከመጀመሪያው ልተርከው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ጥንታዊ ነው። ግዕዙ ዐለቅት ይለዋል፤ መጽሐፈ ምሳሌም በ30ኛው ምዕራፉ ከማይጠግቡ ነገሮች ጋር ያነሣዋል። በእኛ አገር ደም መምጠጥ የዋግምት ሥራ ነበር፤ ቀንዱን ቆዳ ላይ ደፍቶ አየሩን በአፍ ስቦ ማውጣት። በአውሮፓና በእስያ ግን ሐኪሞች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ለዚሁ ሥራ አልቅት ራሱን ይጠቀሙ ነበር። እኛ ዘንድ ከከብት አፍ በትግል የሚነቀለው ፍጡር እነሱ ዘንድ በብርጭቆ ተቀምጦ ይሸጥ ነበር።

በ1770 የካቲት ወር ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሊማሊሞን ወጥቶ የወገራን ደጋ ተሻግሮ ጎንደር ገባ። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የኮሶን ዛፍ በሥዕል አስቀመጠ፤ ለዕፅዋት አዋቂው ወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ሲልም በላቲን «ባንኬሲያ አቢሲኒካ» አለው። ኮሶዬ በስሟ የተሸከመችው ያንኑ ዛፍ ነው። የወገራ ሰው የሆድ ትልን በአበባው አድክሞ ሲያስወጣ የኖረ ነው፤ ከሰው ገላ ተጣብቆ የሚኖረውን ነገር በምን እንደሚያላቅቁት ከማንም በፊት አስቦበታል ማለት ነው። ጥገኛ ፍጡርን ማወቅ እዚህ ደጋ ላይ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም።

በ1799 የናፖሊዮን ጦር ከግብፅ ወደ ሶርያ ሲጓዝ የሲናን በረሃ አቋረጠ። በጥም የተቃጠሉት ወታደሮች ያገኙት ኩሬ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ጠጡ። ጥቂት ቆይቶ ጉሮሯቸውን ይወጋቸው፣ ያስላቸው፣ ደም ያስተፋቸው ጀመር። የጦሩ ቀዳጅ ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ ነገሩን መርምሮ ጻፈው። ሲገቡ እንደ ፀጉር የቀጠኑት አልቅቶች ደም ጠጥተው ጉሮሮ ውስጥ አብጠዋል። ላሬ በጨውና በኮምጣጤ አስጉመጠመጣቸው፤ የሚታየውን በመቆንጠጫ ነቀለ፤ የትምባሆ ጭስም ተጠቀመ። የወገራ እረኛ ቢያየው ግማሹን ሙያ የራሱ ነው ባለ። በ1822 ፈረንሳዊው የእንስሳት ሊቅ ሳቪኚ ይህን ዓይነት አልቅት በዓባይ ስም ሰየመው። ዛሬ «ሊምናቲስ ኒሎቲካ» የሚባለው ነው። መንጋጋው ደካማ ስለሆነ ደረቅ ቆዳ መብሳት አይሆንለትም፤ ከአፍ፣ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ልስልስ ሥጋ የሚጣበቀው ለዚህ ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1825፣ ሁለት ጀርመናውያን ወዳጆች ምጽዋ ደረሱ። ሄምፕሪሕና ኤረንበርግ ይባላሉ። ከ1820 ጀምሮ ግብፅንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲያስሱ የቆዩ ናቸው፤ የሰበሰቡት የዕፅዋት ናሙና ወደ 46 ሺህ፣ የእንስሳቱ ወደ 34 ሺህ ይደርስ ነበር። ሄምፕሪሕ በዚያው በሰኔ ወር መጨረሻ ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ። ኤረንበርግ ጓደኛውን ቀብሮ ብቻውን ወደ በርሊን ተመለሰ። ደጋችንን ከባሕሩ ዳር ሆኖ አይቷል፤ ጎንደር ግን አልደረሰም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በማይክሮስኮፕ ፊት ተቀምጦ የአልቅትን የነርቭ ቋጠሮዎች በዝርዝር ከተመለከቱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ይኸው ኤረንበርግ ነው። በ1836 ባሳተመው ጥናት ውስጥ ከቋጠሮዎቹ ውስጥ ያያቸውን ክብ ክብ አካላት አሳየ። ያን ጊዜ እንስሳ ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ ነው የሚለው ሐሳብ እንኳ አልተጻፈም፤ ሽዋን ያንን ያሳተመው በ1839 ነው። ሰውየው የነርቭ ሕዋስን ያየው «ሕዋስ» ለሚለው ነገር መልክ ሳይወጣለት ነበር።

አልቅት ለማግኘት ኤረንበርግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ዘመኑ የአልቅት ዘመን ነበር። የፓሪሱ ሐኪም ብሩሴ በሽታ ሁሉ ከሰውነት መቆጣት ይመጣል ብሎ ስላስተማረ፣ ፈረንሳይ በ1833 ብቻ ከ41 ሚሊዮን በላይ አልቅት ከውጭ አስገብታለች። የአውሮፓ ረግረግ እስኪራቆት ድረስ ተለቀመ። ብዙ ድሃ በዚያ ደም ማስመጠጥ ይበልጥ ተጎድቷል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ይሁንና ሕክምናው ፋሽኑ ሲያልፍበት አልቅቱ በተመራማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

አሁን ወደ ሙጫው እንምጣ። በ1856 ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሖው በአንጎል ውስጥ በነርቭ ሕዋሶች መካከል ያለውን ነገር «ኒውሮግሊያ» ብሎ ሰየመው፤ የነርቭ ሙጫ ማለቱ ነው። ግንበኛ ድንጋይና ድንጋይ መካከል ጭቃ እንደሚለጥፍ፣ ይህም የነርቭ ሕዋሶችን አያይዞ የሚይዝ መስሎ ታየው። ሐሳቡ በጊዜው የሚነቀፍ አልነበረም። ስም ግን ተራ ነገር አይደለም። ሙጫ ተብሎ የተጠራ ነገር ሙጫ እንዲሆን ይጠበቅበታል፤ ከመቶ ዓመት በላይም ከዚያ ያለፈ ጥያቄ የጠየቀው ሰው ጥቂት ነበር።

በ1891 የስዊድኑ ጉስታፍ ሬትሲየስ አዲስ በመጣው የሜቲሊን ሰማያዊ ቀለም የአልቅትን ነርቭ አቀለመ። በእያንዳንዱ ቋጠሮ ውስጥ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ግዙፍ ሕዋሶች ሰማያዊ ሆነው ብቅ አሉ። እስከ ዛሬ የሬትሲየስ ሕዋስ ይባላሉ፤ ሴሮቶኒን የተባለውን ቅመም እንደሚያመነጩም በኋላ ታወቀ። በ1906 ጎልጂና ራሞን ኢ ካሃል የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ፤ የነርቭ ሕዋስ የዘመኑ ንጉሥ ሆነ። ግሊያዎቹ ግን በሥዕሉ ዳር ቀሩ። በ1919 ስፔናዊው ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ከመካከላቸው ትናንሾቹንና ተንቀሳቃሾቹን ለይቶ «ማይክሮግሊያ» ሲላቸው እንኳ፣ ሕያው ሆነው ምን እንደሚሠሩ በዓይን የሚያይበት መንገድ አልነበረም።

የጎንደርን ታሪክ እዚህ ላይ መጥቀስ ግድ ይለኛል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ፈጀው፤ በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች አብረው ሠልጥነው አብረው ወደ ገጠር የሚወጡበት ትምህርት ቤት ነበር። ከሥራቸው አንዱ ምንጭ ማጎልበት ነው። ዓይኑን በድንጋይና በሲሚንቶ መገንባት፣ ውሃውን በቧንቧ ማውጣት፣ የከብቱን ገንዳ ከሰው መቅጃ መለየት። በደንብ ከተሠራ ምንጭ አልቅት ወደ እንስራ አይገባም። አንድ ልጅ ጉሮሮው ውስጥ አልቅት ይዞ ደም እየተፋ ወደ ጤና ጣቢያ ከሚመጣ ይልቅ ምንጩን አንድ ጊዜ መሥራት ስንት እጥፍ እንደሚሻል እነዚያ ተማሪዎች በእጃቸው ተምረውታል።

እንግዲህ 1964 ደረስን። እኔ ይህን ዓመት እንደ ሁለት ዓይን አየዋለሁ።

አንደኛው ቦስተን ነው፤ የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት። ስቲቨን ኩፍለር በ1913 ሃንጋሪ ውስጥ ታፕ በተባለች መንደር የተወለደ፣ በእርሻ መካከል ያደገ ሰው ነው። በ1937 ቡዳፔስት በሐኪምነት ተመረቀ፤ በቀጣዩ ዓመት የናዚዎች ጥላ ሲቀርብ ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ፤ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ገባ። የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሙጫ የተባለው ሕዋስ ሕያው ሆኖ ሳለ ምን ይሠራል? በሰው አንጎል ውስጥ ይህን መጠየቅ አይቻልም ነበር፤ ሕዋሶቹ ደቃቃ ናቸው፤ እርስ በርስም እንደ ዳንቴል ተጠላልፈዋል። ከባልደረቦቹ ከዴቪድ ፖተርና ከጆን ኒኮልስ ጋር ወደ አልቅት ዞረ።

ለምን አልቅት? ሆዱን በቀጭኑ ቀደው ሲከፍቱት የነርቩ ገመድ ከጥግ እስከ ጥግ ተዘርግቶ ይታያል። መቁጠሪያ ማለት ነው። በጭንቅላቱና በጅራቱ ካሉት ትላልቅ ቋጠሮዎች መካከል 21 ዶቃ ተሰክቶበታል። የእያንዳንዱ ዶቃ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው፤ በውስጡ ግን 400 ያህል የነርቭ ሕዋሶች አሉ። ሕዋሶቹ በስድስት ጓዳ ተከፍለው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ጓዳ ውስጥ ያሉትን በርካታ ደርዘን የነርቭ ሕዋሶች በሙሉ የሚያቅፈው አንድ ግሊያ ብቻ ነው። ማር እንጀራን አስቡ። ማሩ የነርቭ ሕዋሶቹ ቢሆኑ ሰሙ ሁሉ የአንድ ሕዋስ ገላ ነው። በዶቃው መካከል፣ የነርቭ ጭራዎች በሚገናኙበት ስፍራ፣ ሁለት ሌሎች ግዙፍ ግሊያዎች ተዘርግተዋል። ዶቃን ከዶቃ የሚያያይዙት ገመዶችም የየራሳቸው ግሊያ አላቸው። በሰው አንጎል ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠረው ነገር እዚህ በጣት የሚቆጠር ነው፤ በተራ አጉሊ መነጽርም ይታያል። በዚያው ዓመት ኮግሻልና ፎሴት ይህንኑ አቀማመጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ዘርዝረው አሳተሙ።

ኩፍለርና ፖተር ጫፉ ከማይክሮሜትር የቀጠነ የመስታወት መርፌ በጨው ውሃ ሞልተው ግሊያው ውስጥ ሰደዱ። መርፌው ሽፋኑን ሲበሳ የመለኪያው መስመር ድንገት ወረደ፤ በሕዋሱ ውስጥና ውጭ መካከል 75 ሚሊቮልት ያህል ልዩነት አለ፤ ከነርቭ ሕዋሶቹ ይበልጣል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ነካኩት። የነርቭ ሕዋስ ሲነካ ይጮኻል፤ ምልክቱን ይተኩሳል። ግሊያው ግን የፈለጉትን ያህል ቢነካኩት ዝም አለ፤ አንድም ጊዜ አልተኮሰም። ሆኖም የሰደዱበት የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ጎረቤቱ ግሊያ ሲሻገር አዩ፤ ወደ ነርቭ ሕዋሱ ግን አይሻገርም። ግሊያዎች እርስ በርስ በር ተከፍቶላቸው ኖሯል።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር የበለጠ ደፋር ነው። የጓዳውን ሽፋን ቀደው ግሊያውን ገፈው ጣሉትና የነርቭ ሕዋሶቹን ራቁታቸውን በጨው ውሃ ውስጥ አስቀመጧቸው። ሙጫው ሲነሣ ቤቱ ይፈርሳል ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የነርቭ ሕዋሶቹ ምልክታቸውን መተኮስ ቀጠሉ። ኒኮልስና ኩፍለር ደግሞ ምግቡና ጨው ወደ ነርቭ የሚደርሰው በግሊያው ገላ በኩል ነው የሚለውን የቆየ ግምት ፈተኑት፤ መንገዱ በሕዋሶች መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ሆኖ ተገኘ። ይህን ታሪክ የምወድበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ ግሊያ አስደናቂ ነገር ይሠራል ብለው አልጮኹም። ምን እንደማይሠራ በጥንቃቄ አሳዩ፤ ለቀጣዩ ጥያቄ ቦታውን ጠርገው ተዉለት።

ሁለተኛው የ1964 ዓይን አድዋ ነው። በዚያው ዓመት ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ሊያጠና ወንዝ ዳር ወርዶ ሳለ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው መንሳፈፋቸውን አየ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። አክሊሉ ከዚህ ተነሥቶ ያደረገው ምርምር በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አሰጥቶታል። አድዋና ቦስተን የተያያዙ አይደሉም። ሆኖም በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሌላው የሚጸየፈውን የውሃ ፍጡር ጎንበስ ብለው አይተውታል፤ ሁለቱም ያገኙት ነገር የሰውን ገላ የሚመለከት ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1966 ኩፍለር፣ ኒኮልስና ኦርካንድ በውሃ እንሽላሊትና በእንቁራሪት ላይ ባደረጉት ሙከራ ነርቭ ሲሠራ ግሊያው እንደሚሰማው አሳዩ። በ1968 ኒኮልስና ቤይለር የአልቅትን የስሜት ሕዋሶች አንድ በአንድ ለዩ፤ ቆዳው ሲዳሰስ የሚናገር፣ ሲጫኑት የሚናገር፣ ሲወጉት የሚናገር። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ የግሊያውን ጆሮ አገኙት። የነርቭ ሕዋስ በተኮሰ ቁጥር ጥቂት ፖታሲየም ከውስጡ ወደዚያ ጠባብ ክፍተት ይፈስሳል፤ ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነም ይጠራቀማል፤ የግሊያው ሽፋን ለፖታሲየም ስስ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ይለወጣል። ዝምተኛው ጎረቤት በግድግዳው በኩል ሁሉን ሲሰማ ኖሯል። ኩፍለርና ኒኮልስ በ1976 «ከኒውሮን ወደ አንጎል» የሚለውን የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ኩፍለር በ1980 አረፈ፤ መጽሐፉ ግን እየታደሰ እስከ ዛሬ የሕክምና ተማሪ የሚያነበው ነው።

አሁን ደግሞ ኮሶዬን ያስታወሰኝ ምዕራፍ መጣ። ገደል ባለበት አገር ከገደል የወደቀ ሰው ታሪክ አይጠፋም። ማር ሊቆርጥ የወጣ፣ የጠፋች ፍየል ሊፈልግ የወረደ። የተሰበረ እግር በወጌሻ እጅ ይጠገናል። ሕብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ሰው ግን አልጋ ላይ ይቀራል፤ በትልቁ ከተማ ሆስፒታልም ቢሆን የተቆረጠውን ነርቭ የሚመልሰው የለም። ከምክንያቶቹ አንዱ የራሱ የሰው ግሊያ ነው፤ ቁስሉ ላይ ተሰብስቦ ጠባሳ ይሠራል፤ ነርቩን የሚሸፍነው ሌላው ዓይነት ግሊያም አዲስ የሚበቅለውን ጭራ የሚያግድ ነገር ይይዛል። አልቅት ግን የነርቭ ገመዱ ሲቆረጥ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይቀጥለዋል፤ ያውም የተቆረጠው ጭራ ከሺህ ጎረቤት መካከል የቀድሞ ወዳጁን ፈልጎ ያገኛል።

ይህ እንዴት ይሆናል? በ1983 ኤልየትና ሙለር በገመዱ ውስጥ ያለውን ትልቅ ግሊያ ብቻ መርጠው ሟሟያ ኢንዛይም ወጉትና ገደሉት። ያቀፋቸው የነርቭ ጭራዎች ግን አልሞቱም፤ ሲቆረጡም መልሰው በቀሉ። ስለዚህ ለመብቀሉ የግድ የሚያስፈልገው ያ ትልቁ ሙጫ አይደለም። ትናንሾቹስ? በ1989 የሙለር ቡድን ሕያው የአልቅት ነርቭ ላይ ማይክሮግሊያዎችን ሲንቀሳቀሱ አየ። ገመዱ በተጎዳ ጊዜ ተበታትነው የነበሩት ሕዋሶች ተነሥተው በቀጥታ ወደ ቁስሉ ይጓዛሉ፤ በደቂቃ ጥቂት ማይክሮሜትር እየተራመዱ፣ በሰዓታት ውስጥ ቁስሉን ይከብቡታል። በወገራ መንደር እሪታ ሲሰማ ሰው ከማሳው፣ ከማጀቱ፣ ከአውድማው እንደሚሮጠው ነው። እሪታው ምን እንደሆነም ከ2000 ወዲህ ተገለጠ። ከተጎዱት ሕዋሶች የሚፈስሰው ኤቲፒ የሚባለው የኃይል ቅመም «ተነሡ» ይላቸዋል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ደግሞ ወዴት እንደሚሄዱና የት እንደሚቆሙ ይመራቸዋል።

በጀርመን ደግሞ ሽሉና ዳይትመር በዶቃው መካከል ያለውን ግዙፍ ግሊያ ለዓመታት ተከታትለውታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ባሳተሟቸው ጥናቶች ይህ ሕዋስ ባይካርቦኔትን እያስገባና እያስወጣ የነርቩን አካባቢ ከመኮምጠጥ እንደሚጠብቅ አሳዩ። የነርቭ ሕዋሶች የሚረጩትን ግሉታሜት ይለቅማል፤ ሴሮቶኒን ሲደርሰውም ይመልሳል። ቤት የሚጠርግ፣ እሳቱን የሚቆጣጠር፣ ጆሮውን ጥሎ የሚያዳምጥ ሕዋስ ነው። ሙጫ የሚለው ስም ግን አልተነሣለትም፤ ዛሬም ግሊያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2004 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አልቅትን እንደ ሕክምና መሣሪያ ፈቀደ፤ ተቆርጦ የተሰፋ ጣት ውስጥ የሚጠራቀመውን ደም ይመጥጣልና። በ2007 በዘር መለያ ምርመራ ሲታይ ከነጋዴ የሚገዛው አልቅት «ሂሩዶ ሜዲሲናሊስ» ሳይሆን በብዛት ዘመዱ «ሂሩዶ ቬርባና» ሆኖ ተገኘ፤ ብዙ የቆየ ጥናት ሳይታወቅ የተሠራው በዘመድየው ላይ ሳይሆን አይቀርም። በ2009 የብራዚል ተመራማሪዎች የሰውን አንጎል ሕዋስ አዲስ በሆነ ዘዴ ቆጥረው 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋስና ከዚያው የሚቀራረብ ቁጥር ያለው ሌላ ሕዋስ አገኙ። ግሊያ ነርቭን አሥር እጥፍ ይበልጣል ሲባል የኖረው ያን ጊዜ ወደቀ። በ2013 የትንሿ አልቅት «ሄሎብደላ ሮቡስታ» ሙሉ የዘር ቅንብር ታተመ።

ኮሶዬ ላይ አሁንም ከሰዓት በኋላ ከብቱ ወደ ውሃ ይወርዳል። እረኛው ላሟን በቀንዷ ይዞ አፏን ይከፍታል፤ አመድ የነካ ጣቱን ከምላሷ ስር ያስገባና ቀስ ብሎ ያላቅቀዋል። አልቅቱ መዳፉ ላይ ይሰበሰባል፤ ይረዝማል፤ እንደገና ይሰበሰባል። በሆዱ በኩል፣ ከጥቁሩ ቆዳ ስር፣ ያ መቁጠሪያ አለ፤ በእያንዳንዱ ዶቃ ውስጥም ግዙፎቹ ግሊያዎች ነርቮቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። እረኛው ድንጋይ ላይ ይጥለውና ጨው ይነሰንስበታል። ላሟ አፍንጫዋን ልሳ ወደ ገንዳው ትመለሳለች።